የመሸባት ልጅ «አሳድሩኝ» ስትል

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ አሁን የማይመቻችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ ተመለሱበት። በተለይ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ያላችሁ፣ ከዚህ ተነስታችሁ አዲስ አበባና ውጭ አገር የምትኖሩም፣ ነገሩ እናንተን ይመለከታል።

እኛ ደገኞች የምንኮራበት አንድ ወግ አለን። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኅዳር ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል፣ ጆሮ ይቆርጣል። በዚህ ብርድ መንገደኛ መሽቶበት ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ካለ ይገባል። «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይባላል። እግሩን ይታጠባል፣ ከቂጣውም ከቆሎውም ያለው ይቀርብለታል፣ ባና ለብሶ ምድጃው አጠገብ ያድራል። ከየት እንደመጣ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። አንዳንዴም ጭራሽ አይጠየቅም። አያቶቻችን እንዲህ ነበሩ፤ ገጠር ላይ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም።

ዛሬ የምጽፈው ይህ ወግ ስለማይደርሳቸው ሰዎች ነው። ከቡና ቤት ሕይወት ወጥተው ወደ አገራቸው ስለሚመለሱ ሴቶች፣ ከጎዳና ለመነሳት ስለሚታገሉ፣ መጠጥና ጫት ስለያዛቸው ልጆች።

እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። ወደ አሥር ዓመት ገደማ ሁለት ሦስት ወረዳ ተዘዋውሬ አስተምሬያለሁ። አንድ ቀን «ማደር» በሚለው ግሥ የሚመሠረቱ ቃላት አምጡ ብዬ ተማሪዎቼን ጠየቅሁ። «አርሶ አደር» አለ አንዱ። «ነግዶ አዳሪ»፣ «ሠርቶ አዳሪ»፣ «ለምኖ አዳሪ» እያሉ ቀጠሉ። አንዱ ከኋላ ወንበር «ሴተኛ አዳሪ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሰሌዳው ላይ ከሌሎቹ ሥር አስተካክዬ ጻፍኩት። ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። ግሡ አንድ ነው አልኳቸው። ገበሬው አርሶ ያድራል፣ ነጋዴው ነግዶ ያድራል፣ እሷም የዛሬን ሌሊት አልፋ ነገን ለማየት በዚህ ታድራለች። ቋንቋችን ራሱ የሚነግረን የመጀመሪያ ጥያቄዋ ማደሪያ መሆኑን ነው።

ይህን የምለው ቃል ለመፍታት ብቻ አይደለም። ስለ ዝሙት ስንሰብክም ሆነ ስናማ የምናወራው ስለ ትናንቷ ነው። ምን አደረገች? ከማን ጋር? ስንት ዓመት? የእሷ ጥያቄ ደግሞ «ዛሬ የት አድራለሁ?» የሚል ነው። ትናንቷን ብቻ የሚጠይቅ ሰው፣ ቄስም ይሁን ፓስተር፣ መምህርም ይሁን ዘመድ፣ ሊያወጣት አይችልም። ያወጧት ሰዎች ካሉ ማደሪያ ይዘው የሄዱ ናቸው።

እስኪ መንገዱን እንየው። ከመሐል ሜዳ በሌሊት የተነሳው አውቶቡስ በሞላሌ አልፎ፣ ጣርማ በር ላይ ከዋናው አስፋልት ጋር ተገናኝቶ፣ በደብረ ብርሃን አድርጎ ላምበረት መናኸሪያ ይገባል። ከመርሐቤቴ የሚነሳው ደግሞ የጀማን በረሃ ወርዶ ወጥቶ በለሚና በሙከጡሪ በኩል ይሄዳል። በሁለቱም ላይ ፌስታል ወይም አሮጌ የደብተር ቦርሳ የያዙ ልጃገረዶች አይጠፉም። አንዷ ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ስትል የጠፋች ናት። ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ ድግሱ ግን ሕግ አይጠብቅም። ሌላዋ ፈተና የወደቀች ናት። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር አቀፍ ደረጃ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የቀሩት 97ቱ የት ሄዱ? ሌላዋ ደግሞ ጦርነትና ግጭት ትምህርቷን ያቋረጠባት ናት። በክልላችን ከነሐሴ 2015 ወዲህ ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደቆየ አስተማሪ ሁሉ ያውቃል። ትምህርት ቤቱ በተዘጋ ቁጥር አውቶቡሱ ይሞላል።

ላምበረት ላይ ደላላው ይጠብቃቸዋል። «ሥራ ፈልገሽ ነው አይደል እህቴ?» ይላል። አነጋገሩ ጥሩ ነው፣ እንደ አገር ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ናት የነገረችኝ። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ስሟንም ከተማዋንም አልጽፍም፤ መሐል ሜዳ ትሁን ሞላሌ፣ ዘመሮ ትሁን ራቤል፣ ዓለም ከተማ ትሁን መራኛ፣ ለማወቅ አትድከሙ። ኮሜንት ላይ የሚገምት ካለ አጠፋዋለሁ።

ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። ድርሰት ስትጽፍ እጇ አያርፍም ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ጠፋች። አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጠረች። የመጀመሪያው ቤት ደሞዟን «እናጠራቅምልሽ» እያለ ሳይሰጣት ቀረ። ከሁለተኛው ቤት አንድ ማታ ፌስታሏን ይዛ ወጣች። ለምን እንደወጣች አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ዝናብ ነበር አለችኝ። የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ አብራት ውኃ ትቀዳ የነበረች የጎረቤት ሠራተኛ። ያቺ ልጅ ወደ አንዲት የቡና ቤት ባለቤት ወሰደቻት። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አይታ «ነይ ግቢ፣ እዚህ እደሪ» አለቻት።

ልብ በሉ። በዚያች ሌሊት «እደሪ» ያላት ቡና ቤት ነው። ዘመድ አልቀደመም፣ ቤተ ክርስቲያን አልቀደመም፣ እድር አልቀደመም። የመንዝ ልጅ የመንዝን ቃል ያገኘችው እዚያ ነው። ሂሳቡ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው፤ የአልጋ፣ የምግብ፣ የልብስ ተብሎ። ከዚያ በኋላ ዕዳው አላለቀም።

ሕጉ በዚህ ላይ ምን እንደሚል ብዙ ሰው አያውቅም። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ሴቲቱን በዚህ ሥራዋ ወንጀለኛ አይላትም። የሚቀጣው በሌላ ሰው ዝሙት የሚነግደውን፣ የሚያገናኘውን፣ ቤቱን ከፍቶ ትርፍ የሚለቅመውን ነው፤ አንቀጽ 634ን አንብቡት። እኛ ግን ተገላቢጦሹን እናደርጋለን። ደላላው በሰፈራችን ሰርግ ላይ ከፊት ወንበር ይቀመጣል፣ ልጅቷ በስም ትሰቀላለች።

አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ። እዳዬ አበበች ጎበና የተወለዱት ከእኛ ብዙም በማይርቅ አገር፣ በፍቼ አካባቢ ሸበል በተባለች መንደር ነው። በ10 ዓመታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተዳሩ። ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። እስኪ አስቡት፣ የ10 ዓመት የሸዋ ልጅ፣ ዘመድ የለ፣ ፊደል የለ። የዛሬዎቹ ልጆቻችን የሚሄዱበት መንገድ ነው። እሳቸው ግን መጠለያ አገኙ፣ ተማሩ፣ ሥራ ያዙ። በ1972 ዓ.ም. ለግሼን ማርያም ንግሥ ወሎ ሄደው ረሃቡን አዩ፤ ከሞተች እናቷ አጠገብ የነበረች ሕፃን አገኙ። ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባላቸውና ዘመዶቻቸው አልተስማሙም፤ እሳቸው ልጆቹን ይዘው ቤታቸውን ለቀው ወጡ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ያሳደጉትን ልጅ፣ የረዱትን እናት የሚቆጥር የለም። አንዲት ከጋብቻ የጠፋች ሕፃን ማደሪያ ስላገኘች ስንት ሰው እንዳደረ ተመልከቱ!

ቢኒያም በለጠንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መቄዶንያን በ2002 ዓ.ም. ሲጀምር ሕንፃ አልነበረውም፤ በቤተሰቦቹ ቤት ነው የጀመረው። ጎዳና የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን አንስቶ አጠበ፣ አበላ፣ አስተኛ። ስሙ ከሐዋርያት ሥራ የተወሰደ ነው፤ ጳውሎስ በሌሊት ራእይ ያየው የመቄዶንያ ሰው «ተሻግረህ እርዳን» ብሎ ነው የለመነው። ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው የሚለው መፈክራቸውም ዛሬ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል።

በተለይ ለሴቶቹ የሚሠራ ደግሞ «እልልታ» በሚል ስም የሚታወቅ ክርስቲያናዊ ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ አለ። እኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ ነው። ሠራተኞቹ ሴቶቹ ወዳሉበት ይሄዳሉ፣ ይተዋወቃሉ። መውጣት የምትፈልግ ሴት ወራት የሚወስድ የተሃድሶ ፕሮግራም ትገባለች፤ ምክር አለ፣ ጸሎት አለ፣ ልጆቿ የሚውሉበት አለ፣ የእጅ ሙያ አለ። ከዚህ ሕይወት ከወጡ የአገራችን ሴቶች ጋር የሽመና ሻርፕ በማሠራት እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረ አንድ ሥራ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ትልቅ የልብስና የቦርሳ ኩባንያ ሆኗል። መንግሥትም በቅርቡ በአዲስ አበባ «ለነገዋ» የተባለ የሴቶች ተሃድሶና የክህሎት ማዕከል ከፍቷል። ስሞቹን ሳስባቸው ደስ ይለኛል። እልልታ! በእኛ አገር ልጅ ሲወለድ ለወንዱ እልልታው ይበዛል፣ ለሴቷ ይቀነሳል። ስትወለድ የቆጠብንባትን እዚያ እየመለሱላት ነው።

የእኔም ተማሪ የወጣችው በእንደዚህ ዓይነት ሰዎች እጅ ነው። የትኛው ድርጅት እንደሆነ እንድጽፍ አልፈለገችም። ሁለት ሴቶች በየሳምንቱ ማታ ማታ ሻይ በፔርሙዝ ይዘው ይመጡ ነበር አለችኝ። ለወራት መጽሐፍ ቅዱስ አልገለጡም። ስሟን ጠየቁ፣ የልጇን ስም ጠየቁ፣ ልጁ ሲታመም ጤና ጣቢያ አብረዋት ሄዱ። አንድ ማታ ራሷ «እናንተ ግን ምንድን ናችሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ክርስቶስ የነገሯት። «ቲቸር፣ ቀድመው ቢሰብኩኝ ኖሮ አባርራቸው ነበር» አለችኝ። «ስብከቱንማ እኔም አውቀዋለሁ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ዘምሬ ነው ያደግሁት። ሰው ነበር ያጣሁት።»

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን ልናገር። በክርስትና ስም የተሠራ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። አየርላንድ በምትባል የክርስቲያን አገር «የመግደላዊት ማርያም» የሚባሉ የልብስ ማጠቢያ ቤቶች ነበሩ። ሲጀመሩ «የወደቁ ሴቶችን» ለማንሳት ነበር። እየቆዩ ግን ሴቶቹ በር ተቆልፎባቸው ያለ ደሞዝ ልብስ የሚያጥቡበት እስር ሆኑ። ዝሙት ያልሠሩ፣ ያለ ባል የወለዱ፣ ወላጅ የሌላቸው ሁሉ ገቡበት። ከ1922 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ብቻ 10,000 ገደማ ሴቶች አልፈውበታል። መንግሥታቸው ይቅርታ የጠየቀው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። የሚገርመው ወንጌሉ ራሱ መግደላዊት ማርያምን ዘማዊት ነበረች አይልም። ስሟን ሰጥተው ሌሎቹን አሰሩበት።

ማሳደርና ማገት ይለያያሉ። የመሸበት እንግዳ ሲነጋ በሩ ይከፈትለታል። የሚቆየው ከፈለገ ነው። እኛም አገር በዓልና ትልቅ ስብሰባ ሲመጣ የጎዳና ሰው በመኪና ታፍሶ ከከተማ ሲወጣ አይተናል። በሳምንቱ ይመለሳል። ማንም «አሳድሩኝ» ስላላለ፣ ማንም ስላላሳደረው።

የመጠጡም ነገር ከዚህ አይለይም። ሰሜን ሸዋ የአረቄ አገር ነው፣ አንደባበቅ። ብርዱም ሰበብ ነው፣ ሥራ ማጣቱም ሰበብ ነው፤ አሁን ደግሞ በትንንሽ ከተሞቻችን ጫት ተጨምሮበታል። ያስተማርኳቸው ልጆች ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አረቄ ቤት ተቀምጠው ሰላም ሲሉኝ አያለሁ። ቤተሰብ ተስፋ ሲቆርጥ ወደ ጸበል ይወስዳቸዋል፤ ሸንኮራ ዮሐንስ፣ ጻድቃኔ ማርያም።

ጸበል ላይ የሚሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። እምነቱን ለእግዚአብሔር ትቼ የሚታየውን ልናገር። ልጁ ሱባኤ ይገባል። አጠገቡ የተኛው ሰው ይጾማል፣ እሱም ይጾማል። ሌሊት ይቀሰቀሳል፣ ይጠመቃል፣ ይጸልያል፣ ቅዳሴ ይቆማል። «ሰካራሙ» የሚለው የለም፤ ሁሉም «ወንድሜ» ይለዋል። ምንጣፍ ዘርግተው ከሃምሳ ሰው ጋር ያድራል። ሰባት ቀን ንጹሕ ሆኖ ይከርማል። ችግሩ ስምንተኛው ቀን ነው። አውቶቡስ ተሳፍሮ ይመለሳል፣ ከመናኸሪያው ሲወርድ ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው ጓደኛ፣ ያው ብርጭቆ ይጠብቀዋል። ከዚያ «ጸበሉም አልሠራለትም» እንላለን። ጸበሉማ ሠርቷል፤ ሰባት ቀን ሙሉ። ስምንተኛውን ቀን የተሰጠነው እኛ ነበርን።

አንድ ነገር ደግሞ ለቤተሰብ። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቆም ኃይለኛ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ እንደሚጥል በሽታ መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል። ይህ የሰውነት ነገር ነው፣ ሐኪም ያውቀዋል። ስለዚህ ከመውሰዳችሁ በፊት ሐኪም ይየው፤ አስፈላጊ ከሆነም ሪፈር ተጽፎለት ለዚህ ወደተዘጋጀ ሆስፒታል፣ እንደ አማኑኤል ወዳለው ይሂድ። «ጸበልና መድኃኒት አይሄድም» የሚላችሁን አትስሙ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጸበል መጠጣትና መድኃኒት መውሰድ እንደማይጋጩ በግልጽ አስተምረዋል። ለዚያ ከሠራ ለዚህም ይሠራል።

ወደ ሴቶቹ ልመለስ። ስንክሳር የምትሰሙ ሰዎች ነሐሴ 2 ቀን፣ በፍልሰታ ሁለተኛው ቀን፣ የሚነበበውን የቅድስት አትናስያን ታሪክ ታስታውሱ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የምንሰማው መጨረሻውን፣ ንስሐዋን ነው። እኔን የሚነካኝ መጀመሪያው ነው። ይህች ሴት በግብፅ ምኑፍ በምትባል ከተማ የሀብታም ልጅ ነበረች። ወላጆቿ ሲሞቱ ቤቷን የእንግዳ ማረፊያ አደረገችው። ከበረሃ የሚመጡ መነኮሳት፣ ድሆች፣ መንገደኞች ያርፉበት ነበር። እያበላች እያሳደረች ገንዘቧ አለቀ። ሲያልቅባት ክፉ ሰዎች ከበቧት፣ ቤቷም የዝሙት ቤት ሆነ። ሰው ስታሳድር የኖረች ሴት ናት፣ በመጨረሻ የሚያሳድራት ያጣችው።

የአስቄጥስ አባቶች ሲሰሙ በጣም አዘኑ። አባ ዮሐንስ ሐፂርን ጠርተው፣ ያኔ ላደረገችልን ደግነት አሁን አንተ ደግነት አድርግላት ብለው ላኩት። ብድር እንዳለባቸው ቆጠሩት ማለት ነው። እሱም ቤቷ ድረስ ሄደ፣ ገባ፣ አጠገቧ ተቀምጦ አለቀሰ። እሷ ንስሐ ይኖራል ወይ ብላ ጠየቀች፤ አለ አላት። ስለ ቤቷ አንድ ቃል ሳትናዘዝ ተነስታ ተከተለችው። በዚያችው ሌሊት በበረሃ አረፈች፤ ንስሐዋም ተቀባይነት እንዳገኘ ተገለጠለት። እኔ ሁልጊዜ የማስበው አባቶቹ ባይልኩትስ ኖሮ? ደጇ ድረስ የሄደ ባይኖርስ?

እኛም ብድር አለብን። ከአዲስ አበባ በየወሩ ብር የሚልኩልን እህቶቻችን ሁሉም ከየት እንደሚልኩ እናውቃለን? የታናሽ ወንድሟን የትምህርት ቤት ልብስ፣ የእናቷን የመድኃኒት፣ የአባቷን የማዳበሪያ ዕዳ የከፈለች ስንት አለች! ብሩን ስንቀበል ከየት እንዳመጣሽው ብለን አልጠየቅናትም። ራሷ ስትመጣ ግን እንጠይቃለን።

ተማሪዬ ባለፈው ዓመት ተመለሰች። የአራት ዓመት ልጅ ይዛ፣ የፀጉር ሥራ ተምራ፣ አንድ ካስክ፣ ሁለት መስተዋትና የሥልጠና ምስክር ወረቀት ይዛ። ቤት መከራየት ጀመረች። የመጀመሪያው አከራይ «ባልሽ የት አለ?» አላት። ሁለተኛው ቀብድ ተቀብሎ በማግስቱ መለሰላት፤ ሰው ነግሮት ነው። ሦስተኛው ኪራዩን እጥፍ አደረገው። አራት ሌሊት አክስቷ ጓዳ አደረች፤ አክስቷም ጎረቤት እያየ ነው ማለት ጀመሩ።

በመጨረሻ የተከራየችው አንዲት አሮጊት እናት ቤት ነው። እኔ ነበርኩ አብሬያት የሄድኩት። ነገሩን በሙሉ ልንነግራቸው ጀመርን፤ በኋላ ከሰው እንዳይሰሙ ብለን። እማማ በእጃቸው አስቆሙን። «ልጄ፣ እኔ ቤት አለኝ፣ እሷ ቤት የላትም። ሌላው ለንስሐ አባቷ ነው» አሉ። ከዚያ ልጁን አይተው «ይሄ ማሙሽ በልቷል?» ብለው ጠየቁ። ይኸው ነው። እማማ መጽሐፍ አላነበቡም፣ ስልጠናም አልወሰዱም። ያደጉበትን ወግ ነው የደገሙት።

አሁን ፀጉር ቤቷ ተከፍቷል። ለፋሲካ ሰሞን ሹሩባ የሚሠሩ ሴቶች ተሰልፈውላት ነበር። እጇ ጥሩ ነው፣ ዋጋዋም አይጋነንም። ግን ፀጉራቸውን ተሠርተው ሲወጡ «ቡና ጠጪ» የሚላት እስካሁን ከእማማ ሌላ ሁለት ሰው ብቻ ነው። ልጁን መዋዕለ ሕፃናት ለማስገባት ስትሄድ የአባት ስም ሲሞላ የነበረውን ሹክሹክታ ራሴ ሰምቻለሁ።

እድር ለመግባትም አመልክታለች። እድር ማለት እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አልነግርም። እድር የሌለው ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል? አንዳንድ አባላት ተቃውመዋል። አንዱ «የባል ስም ሳይኖር እንዴት ይመዘገባል?» ይላል። ሌላው «ስሟ አይጥምም» ይላል። ጉዳዩ በመጪው እሑድ ስብሰባ ይታያል። እኔም አባል ነኝ፣ ሁለት ሌሎች መምህራንና የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊም አብረውን ይቆማሉ። የምንለው ቀላል ነው። መዋጮዋን ትከፍላለች፣ ቀብር ትወጣለች፣ ድንኳን ስትከል ታግዛለች፤ በራሷ ስም ትመዝገብ። ባሏ የሞተባት ሴት በራሷ ስም ትመዘገባለች አይደል?

እድሩ እምቢ ካላት ምን ይሆናል? እውነቱን ልንገራችሁ። ባለፈው ሳምንት ራሷ ነግራኛለች። «ቲቸር፣ እዚያ ያሉ ልጆች ይደውሉልኛል። ‘ተመለሺ፣ አልጋሽ ባዶ ነው’ ይሉኛል» አለችኝ። ገባችሁ? አልጋው ዛሬም እየጠበቃት ነው። ቡና ቤቱ ዛሬም «እደሪ» ይላል። እኛ ደግሞ ገና ስብሰባ ላይ ነን።

ስለዚህ ለአገሬ ሰዎች ጥቂት ልመና አለኝ።

አንደኛ፣ ልጅ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ በስውር አትሂድ። የምታድርበትን ቤት አድራሻና የአሠሪዋን ስልክ ቤተሰብ ይያዝ፤ የቀበሌ መታወቂያዋን ለማንም አትስጥ፤ ደሞዟን በየወሩ በራሷ እጅ ወይም በራሷ ሂሳብ ትቀበል። «ይጠራቀምልሽ» ማለት ብዙ ጊዜ «ይቅርብሽ» ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ የአገር ልጆች፣ ማኅበር አላችሁ፣ በዓመት ድግስ ትደግሳላችሁ። እሰይ። ከድግሱ ላይ ትንሽ ቀንሳችሁ አንድ ክፍል ተከራዩ፤ ሁለት አልጋ ይኑርበት። ከአሠሪ ቤት በማታ የወጣች የመንዝ፣ የግሼ ወይም የመርሐቤቴ ልጅ ሦስት ሌሊት የምታድርበት። የስልክ ቁጥሩን እኛ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ሦስት ሌሊት ብቻ! የእኔ ተማሪ ያን ዕለት የፈለገችው አንድ ሌሊት ነበር።

ሦስተኛ፣ ካህናት አባቶቻችንና የወንጌል አገልጋዮች፣ ስብከታችሁን አታቋርጡ፣ ያስፈልገናል። ብቻ ከስብከቱ በፊት ወይም በኋላ «ዛሬ የት ታድሪያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከጸበል የተመለሰውንም ልጅ ስምንተኛው ቀን ላይ ማን እንደሚቀበለው አብራችሁ አስቡ።

አራተኛ፣ አከራዮች። ተከራይ የሚጠየቀው ኪራይና ጠባይ ነው። ትናንቷን ለእግዚአብሔር ተዉለት።

እሑድ የሚወሰነውን እዚሁ ገጽ ላይ እጽፍላችኋለሁ። እድርተኛ የሆናችሁ እስከዚያ በየቤታችሁ ተነጋገሩበት። ፀጉር የምትሠሩም ቅዳሜ ከሰዓት ክፍት ነው፤ የት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ስትጨርሱ ቡና ጥሯት።

ቸር ያሰማን፣ ደህና እደሩ።